ለምርምር ድጎማ እንጂ ዕዳ አይበጅም

በመጋቢት 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችንን ቀጠፈ። ቆሻሻን ማዳበሪያ፣ ማገዶና ባዮጋዝ ማድረግ የሚችል ባለሙያ በየከተማችን አለ፤ የጎደለው የሙከራ ገንዘብ ነው። ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ዋስ ጠርተው የሚወስዱት ብድር ለታወቀ ሥራ ይበጃል። ምርምር ግን ሊከሽፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ ወጣቱ ከነዕዳው ይቀራል። አሜሪካ በ1982 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከመንግሥት የምርምር በጀት ለአነስተኛ ድርጅቶች ድርሻ እንዲለይ አድርጋለች።

እኛም ብንመረጥ ይህንኑ በሕግ እንደነግጋለን። ድጎማው የፓርቲ አባልነት ሳይጠየቅ በግልጽ ውድድር ይሰጣል፤ መጀመሪያ ለሙከራ፣ ውጤት ላሳየው ደግሞ ለማምረቻ። ማን ስንት እንደወሰደ ለሕዝብ ይገለጻል። ሙያ በዋስ እጦት ታስሮ እንዳይቀር ድምፅዎን ይስጡን!