አሮጌ ስልክ ስንሸጥ የማንን ምሥጢር እንሸጣለን?

እኛ ዘንድ ስልክ አይጣልም። የባሕር ማዶ ጸሐፍት ስለ አሮጌ የእጅ ስልክ ምክር ሲለግሱ በዐይነ ኅሊናቸው የሚታያቸው መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ የሚቀር ወይም ከቆሻሻ ጋር የሚወጣ ዕቃ ነው። የኛ ስልክ ግን እንደ ካፖርት ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወርዳል። አዲስ የገዛ ወንድም አሮጌውን ለእህቱ ይሰጣል፤ እህት ጥቂት ብር ጨምራ ፒያሳ ከሚገኝ ሱቅ በሌላ ትቀይረዋለች፤ ባለሱቁ ደግሞ ከክፍለ ሀገር ለመጣ ተማሪ ይሸጠዋል። ውሎ አድሮ መስተዋቱ ተሰንጥቆ፣ ባትሪው አብጦ አልነሣም ሲል፣ «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ልጅ ወስዶ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ያደርሰዋል። እዚያም ቢሆን ጨርሶ አይሞትም፤ አካላቱ ተፈታትተው የሌላ ስልክ መለዋወጫ ይሆናሉ። ይህን ልማድ የምነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ እንዲያውም የሚያስመሰግን ቁጠባ ነው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር አብሮት የሚሻገረው ምንድን ነው? ባለቤቱስ ማን ነው?

ጥያቄውን ለወዳጆቼ ባነሣሁ ቁጥር የማገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው። «እኔ ደግሞ ምን ምሥጢር አለኝ? ባለሀብት አይደለሁ፣ ባለሥልጣን አይደለሁ!» መልሱ ትሕትና ያለበት ይመስላል። ነገር ግን ውድ አንባብያን፣ እስቲ ስልካችሁን አንድ ጊዜ ገልጣችሁ ተመልከቱ። የራሳችሁ ፎቶግራፍ አንድ ከሆነ የሰው አሥር ነው። ጓደኛ ጉዳይ እንድታስፈጽሙለት የላከው የመታወቂያ ቅጂ አለ። ዐረብ አገር ያለች እህት የላከችው የፓስፖርት ገጽ አለ። የጎረቤት የሕክምና ውጤት፣ የእድር መዋጮ ያልከፈሉ ሰዎች ስም ዝርዝር፣ ከባሏ የተጣላች የአክስት ልጅ ሌሊት የላከችው የድምፅ መልእክት፣ የአባት የፋይዳ ቁጥር... ይህ ሁሉ የናንተ ምሥጢር አይደለም። ሌሎች ሰዎች አምነዋችሁ በእጃችሁ ያኖሩት ነው። አማርኛችን ለዚህ ነገር ጥንትም ስም ነበረው፤ አደራ ይለዋል።

የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ሲጀምር እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረውም። የያኔው ስልክ ሆድ ጠባብ ነበር፤ ከስምና ከቁጥር፣ ቢበዛ ከጥቂት አጫጭር መልእክቶች በቀር የሚይዘው አልነበረም። (አጭር መልእክቱም ቢሆን ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ተቋርጦ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ስንናፍቀው መክረማችን የሚዘነጋ አይደለም።) ሲም ካርዱን ያወጣ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ ማለት ይቻል ነበር። እንደ ኔ ግምት የዛሬው ስሕተታችን ሥር እዚህ ላይ ነው። ስልኩ ተለውጧል፤ እኛ ግን አሁንም ሲሙን ስናወጣ ቤቱን ያስረከብን ይመስለናል።

በሥራዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። በኛ ሙያ ለጀማሪ በመጀመሪያ የሚነገረው ስለ ገንዘብ አቆጣጠር ሳይሆን ስለ አፍ ነው። የባልን ሒሳብ ለሚስት፣ የሚስትን ለባል አይነገርም። ፊርማ ያረፈበት ቁራጭ ወረቀት እንኳ ተቀዳዶ እንጂ እንዲሁ አይጣልም። አንድ ደንበኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቀሪዬን በወረቀት ጻፍልኝ፣ ጮክ ብለህ አትንገረኝ» ሲለኝ ደስ ይለኛል፤ ገመናውን የሚያከብር ሰው ነውና። ታዲያ ይኸው ሰው ከባንኩ ወጥቶ መንገዱን ሲሻገር፣ ቀሪ ሒሳቡን የያዙ መልእክቶች ሁሉ ያሉበትን ስልክ ለማያውቀው ሰው ያስረክባል። የመክፈቻውን ፓተርን ሳይቀር በጣቱ እያሳየ።

ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭም እንዳይቀርብ ይከለክላል። በአንቀጽ 31 ደግሞ ምሥጢራዊ ደብዳቤ የተቀበለ ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ በውስጡ ያለውን እንዳይገልጥ ያዝዛል። ልብ በሉ፤ ደብዳቤው ለተቀባዩ የተላከ ነው፣ ወረቀቱም በእጁ ነው፣ ቃሉ ግን የጸሐፊው ሆኖ ይቀራል። ይህ ሕግ ሲጻፍ የእጅ ስልክ በማንም አእምሮ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ከዚህ የተሻለ የስልክ ሕግ ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በፖስታም ሆነ በስልክ የሚደረግ ግንኙነትን አይደፈሬነት ደንግጓል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 መልካም ጅምር ቢሆንም፣ ዋነኛ ትኩረቱ የሰውን መረጃ ሰብስበው የሚሠሩበት ድርጅቶችና መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ለእህቱ ስልክ የሚሰጠውን ወንድም የሚከታተለው ተቆጣጣሪ የለም፤ እንዲኖርም አልመኝም። በዚህ ቦታ ላይ ያለው ጠባቂ የሰውዬው የራሱ ኅሊና ነው።

ባለፈው ዓመት በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ወደ መስኮቴ መጥተው ነበር። «የኔ ልጅ፣ ለእህቴ ልጅ ትናንት አምስት ሺህ ብር ልኬላት አልደረሰኝም ትለኛለች፤ እስቲ እየው» አሉኝ። አየሁት። ብሩ በሰላም ደርሷል፤ ሒሳቡ ግን የእህታቸው ልጅ አልነበረም። «እማማ፣ ይህን ቁጥር ማን ሰጠዎት?» ብዬ ብጠይቃቸው «እሷው ራሷ ናት በቴሌግራም የላከችልኝ፤ ፎቶዋም እኮ አለ» አሉ። ነገሩ ሲጣራ ልጅቱ በዚያ ሰሞን ስልኳን በሌላ ቀይራለች። ሲሟንም ሚሞሪዋንም አውጥታለች። ፓተርኑን የተናገረችው «ፎርማት እናደርገዋለን» ተብላ ነው። አላደረጉትም፤ ወይም ሳያደርጉት ለሌላ ሰው ተላልፏል። ቴሌግራም ደግሞ ሲም ካርዱ ስለወጣ አይዘጋም፤ ባለቤቱ እስኪዘጋው ድረስ በዋይፋይም ቢሆን ይሠራል። በስሟ የብድር ጥያቄ የደረሳቸው ዘመዶች አራት ነበሩ። ብሩ ወዲያው ወጥቶ ስለነበር መመለስ አልተቻለም። እኒያ እናት ግን ሲሄዱ የተናገሩት ስለ ብሩ አልነበረም። «ገንዘቡስ ይሁን፤ ለልጆቼ ያልነገርኋቸውን የሕመሜን ነገር ለእሷ ብቻ ነበር የጻፍሁላት። አሁን ማን እንዳነበበው በምን ዐውቃለሁ?» አሉኝ። ለዚህ ጥያቄ የባንክ መልስ የለውም።

ግጥም የመጫር አመል ስላለብኝ የዚያን ዕለት ማታ ሁለት ስንኝ ጽፌ ነበር፤

ሲሙን አወጣና ቤት ለቀቅሁ አለ፣
የሰው አደራ ግን ከውስጡ እንዳለ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። «አጠፋሁት» የሚለው ቃል ራሱ ያታልላል። ወመዘክር ሄዶ የአንድ መጽሐፍ ካርድ ከካታሎጉ መሳቢያ የሚያወጣ ሰው አስቡ። ካርዱ ሲጠፋ መጽሐፉ ከመደርደሪያው አይጠፋም፤ የሚጠፋው ፈላጊው የሚመራበት ምልክት ነው። በመደርደሪያዎቹ መካከል በትዕግሥት የሚመላለስ ሰው ያገኘዋል። በቆዩ ስልኮች ላይ አንድን ፎቶ ማጥፋት ይኸው ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአምስት አምራቾች የወጡ 21 ያገለገሉ አንድሮይድ ስልኮችን ሰብስበው ፈትሸው ነበር። ስልኮቹ በወጉ ፋክተሪ ሪሴት ከተደረጉ በኋላ እንኳ የቀድሞ ባለቤቶቻቸው መልእክት፣ ፎቶና የጉግል መግቢያ ቁልፍ ሊገኝባቸው ችሏል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አቫስት የተባለው ኩባንያ ሃያ አሮጌ ስልኮችን በኢንተርኔት ገበያ ገዝቶ ከ40,000 በላይ ፎቶግራፎች አውጥቶባቸዋል።

አዳዲሶቹ ስልኮች በዚህ ረገድ ተሻሽለዋል። አይፎኖችና በተለይ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከአንድሮይድ 10 ጋር የወጡ ስልኮች በውስጣቸው ያለውን ሁሉ በቁልፍ ሰውረው ያስቀምጣሉ፤ ፋክተሪ ሪሴት ሲደረጉ የሚጠፋው ቁልፉ ነው። ቁልፉ የጠፋበት ጽሑፍ ለማንም አይነበብም። ስለዚህ ለአዲስ ስልክ ፋክተሪ ሪሴት በቂ ነው፤ ዋናው ነገር ማድረጉ ነው። ችግሩ ከፒያሳ እስከ መርካቶ የሚዘዋወሩት ስልኮች ብዙዎቹ የቆዩ መሆናቸው፣ አንዳንዶቹም የታወቀ ስም ለጥፈው የተሠሩ አስመሳዮች መሆናቸው ነው። እንዲህ ያለውን ስልክ፣ ምሥጢር አዝሎ ከሆነ፣ ባይሸጡት እመርጣለሁ።

ከሁሉ የሚዘነጋው ግን የሞተው ስልክ ነው። መስተዋቱ የተሰበረ ስልክ አይከፈትም፣ አይታይም፤ ስለዚህ ባዶ ይመስለናል። የሞተው ግን ፊቱ እንጂ ትዝታው አይደለም። ጠጋኙ ሌላ ስክሪን ሲገጥምለት ትናንት ያቆመበት ቦታ ላይ ይነቃል። ለቆራሌው የሰጠነው ስልክ ከሸጥነው ይልቅ ሊያሳስበን ይገባል፤ የሸጥነውን ቢያንስ «አጥፋው» የሚለን አይታጣም። ለነገሩ በቁጣ ስልክ ላይ መዶሻ የሚያነሣም ሰው አይቻለሁ። ባትሪው ሳይወጣ ይህን ማድረግም ሆነ እሳት ውስጥ መጣል አደገኛ ነው፤ የሊቲየም ባትሪ ሲወጋም ሲሞቅም ይቀጣጠላል።

ይህን ስጽፍ የፒያሳን የሞባይል ጠጋኞች ልከስስ የተነሣሁ እንዳይመስል እሠጋለሁ። አውቃቸዋለሁ፤ አብዛኞቹ በአንዲት ጠባብ መስኮት ሥር አጎንብሰው፣ በአጉሊ መነጽር የእንጀራቸውን ክር የሚፈልጉ ታታሪ ልጆች ናቸው። ዱሮ ጠጋኝም ደንበኛ ነበር፤ ስሙ፣ ሱቁ፣ እናቱ ሳትቀር ትታወቅ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ከዶሮ ማነቂያ ጀምሮ የፒያሳ መንደሮች ለኮሪደር ልማቱ ሲፈርሱ ነዋሪውም ነጋዴውም ተበታተነ። ስልኩን ለዐሥር ዓመት የሚጠግንልህ ልጅ ዛሬ የት እንደሄደ አታውቅም፤ በቦታው ያገኘኸውም ከርሞ እዚያው መኖሩን እርግጠኛ አይደለህም። በመተዋወቅ ላይ የቆመ አመኔታ ሲፈርስ በእርሱ ቦታ ሌላ ነገር መትከል ያስፈልጋል።

ምን እንትከል ለሚለኝ፣ ምሳሌው ሩቅ አይደለም፤ እዚያው ፒያሳ ወርቅ ቤቶቹ ጋ አለ። ወርቅ ሻጭ ሚዛኑን ጓዳ አይወስደውም፤ ወርቁን ባለቤቱ ፊት ይመዝናል። የስልክ ነጋዴም ስልኩን ባለቤቱ ፊት ፎርማት ያድርግ፤ ዋጋ የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ይሁን። «ተወው እኔ አጠፋዋለሁ» የሚል ሱቅ ሲያጋጥም ስልኩን ኪስ ውስጥ መልሶ መውጣት ነው። ገዢውም ድርሻ አለው። የሌላ ሰው ፎቶ ያለበት ስልክ የደረሰው ሰው፣ መንገድ ላይ የወደቀ ደብዳቤ እንዳገኘ ሰው ነው፤ ሳያነብ ያጥፋው። «ምን አለበት፣ ልየው» ማለት በኔ ሚዛን የሰው መስኮት ሥር ቆሞ ከማዳመጥ አይለይም።

የሻጩ ሥራ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። የሚፈልገውን ወደ አዲሱ ያዛውር፤ ከቴሌግራም፣ ከፌስቡክ፣ ከኢሜይሉ ይውጣ፤ የባንክና የቴሌብር መተግበሪያዎቹን ይዝጋ፤ የጉግል አካውንቱን ያውጣ። አካውንቱ ሳይወጣ በጎን አዝራሮቹ ተጭኖ ፎርማት የተደረገ አንድሮይድ ስልክ ሲከፈት የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል ስለሚጠይቅ፣ ይህ ለገዢውም እፎይታ ነው። ከዚያ በኋላ ፋክተሪ ሪሴት፤ በመጨረሻም ሲምና ሚሞሪ ይውጡ። ስልኩን ቀድሞ አሳልፎ የሰጠ ሰውም ቢሆን ጊዜው አላለፈበትም፤ በአዲሱ ስልኩ የቴሌግራም ቅንብር ውስጥ «ዲቫይስ» የሚለውን ከፍቶ አሮጌውን ከዚያው ሊያባርረው ይችላል።

ስልክ ብቻ ሳይሆን ቁጥርም የሚቀይሩ አሉ። የተተወ ቁጥር ሲቆይ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከባንክ የሚላከው መልእክት ሁሉ ለአዲሱ ባለቁጥር ይደርሰዋል። ቁጥር የቀየራችሁ እንደሆነ ወደ ባንካችሁ ጎራ ብላችሁ አሮጌውን አሰርዙ። ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ሰልፍ አይበዛም። መታወቂያችሁን ግን እንዳትረሱ፤ ያለ እርሱ አንሠራላችሁም።