የከሰል ጢስና የመንደር ጤና

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ይህችን አጭር ደብዳቤ በአንባቢያን ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በአዊ ዞን ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ፥ ይልቁንም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፥ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ፥ በአራትና በአምስት ዓመት ቈርጦ፥ ከሰል አድርጎ እንደሚሸጥ የታወቀ ነው። በዚህም ሥራ የተራቈተ መሬት ዛፍ ለብሷል፤ የሣር ክዳን የነበረው ቤት ቆርቆሮ ሆኗል። ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ይደርሳል። የገዛ ወንድሜም የሚተዳደረው በዚሁ ስለ ሆነ ሥራው ይቅር የሚል ቃል ከእኔ አይወጣም።

ዳሩ ግን እንጨቱ ተከምሮ፥ በሣርና በዐፈር ተደፍኖ፥ ሌት ተቀን ሲጤስ የሚሰነብተው ብዙ ጊዜ ከመኖሪያ ቤት አጠገብ ነው። በብርድ ሌሊት ጢሱ ወደ ላይ ሳይወጣ መንደሩን ተጭኖ ያድራል። ባለፈው የካቲት ወንድሜን ልጠይቅ ሄጄ ባደርሁበት ሌሊት የአራት ዓመት ልጁ እስኪነጋ ስታስል ሰማሁ። «ምነው ክምሩን ከቤት ብታርቀው?» ብዬ ብጠይቀው፥ «ጋሼ፥ ካራቅሁት ማን ይጠብቅልኛል? እሳቱ ዐፈሩን ቀዶ ከወጣ ከሰሉ ሁሉ ዐመድ ነው» አለኝ። መልሱ እውነት ነው፤ የልጂቱም ሳል እውነት ነው።

በጢሱ ውስጥ ደቃቅ ብናኝና ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዘኛ ጋዝ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. የዚህን ብናኝ ዓመታዊ ወሰን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ10 ማይክሮግራም ወደ 5 ዝቅ ያደረገው ጥቂቱም እንደሚጎዳ በመገንዘብ ነው።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። እያንዳንዱ ቀበሌ ከመንደርና ከትምህርት ቤት የራቀ የጋራ ማክሰያ ቦታ ቢከልል፥ ገበሬዎቹም በተራ ቢጠብቁ፥ የወንድሜ ችግር ይቃለላል። እንጨቱም አስቀድሞ በደንብ ቢደርቅ ጢሱ ይቀንሳል። ከሴኔጋል የመጣው ካሳማንስ የተባለው የጢስ መውጫ ያለው ክምር ደግሞ ከዚያው እንጨት የበለጠ ከሰል ስለሚሰጥ ገበሬውን ይጠቅማል እንጂ አያከስረውም።

ሕጉም አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕ አካባቢ የሁሉም መብት ነው ይላል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው አቤት ማለት እንደሚችል፥ በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘም በ60 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ እንደሚችል ደንግጓል።

እንግዲህ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በዚሁ ከሰል ቡናችንን የምናፈላ ነን። እንዲህ ያለ አቤቱታ ከጠረጴዛችን ሲደርስ «ነገ ተመለስ» ባንል ምን ይጎዳናል? ገበሬው ገቢውን ሳያጣ፥ ልጁም ሳታስል እንድታድር ማድረግ ከእኛ የሚጠበቅ ሥራ ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከእንጅባራ