ድራማችን የየትኛው ሰፈር ነዋሪ ነው?

አንድ ሙከራ ልጠቁማችሁ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ከሚታየው ተከታታይ ድራማ አንዱን ክፍል እስከ መጨረሻው እዩና ዋናው ገጸ ባሕርይ ሰፈሩ የት እንደሆነ ለመናገር ሞክሩ። የሶፋውን ቀለም ታውቃላችሁ። የመኪናውን ዓይነት ታውቃላችሁ። ማን ማንን እንደከዳም ታውቃላችሁ። ሰፈሩን ግን አታውቁትም። ሰውዬው ከግቢ ይወጣል፣ ይቆረጣል፣ ቢሮ ደርሷል። ከቢሮ ይወጣል፣ ይቆረጣል፣ ካፌ ተቀምጦ ማኪያቶ እያማሰለ ነው። መሃል ላይ የነበረችው ከተማ አብራ ተቆርጣ ቀርታለች።

አዲስ አበባ ውስጥ ግን ሁለት ሰዎች ሲተዋወቁ ከስም ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ሰፈርህ የት ነው?» የሚለው ነው። ለወግ ያህል የሚጠየቅ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። «ጀሞ» ካልከኝ ጠዋት ስንት ሰዓት ከቤት እንደምትወጣ እገምታለሁ። «ቦሌ» ካልሽኝ ተከራይ ነሽ ወይስ የቤተሰብ ቤት ነው ብዬ በልቤ እጠይቃለሁ። ሰፈር ማለት የቤት ኪራዩ፣ የታክሲ ሰልፉ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ዕድሩና ዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ ነው። ይህ ሁሉ የሌለው ገጸ ባሕርይ ሰው ለመምሰል ብዙ ማልቀስ ይኖርበታል። ድራማዎቻችን ላይ ለቅሶ የሚበዛው በዚህም ይመስለኛል።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ስለ ድራማ ምን አገባህ የሚለኝ ቢኖር አልቀየምም። ግን የኔ ትምህርት ስለ ቦታ አንድ ነገር ያስተምራል፤ አንድ ሰው የት እንደሚኖር ካወቅክ ምን መምረጥ እንደሚችልና ምን እንደማይችል ግማሹን አውቀሃል። የድራማ ታሪክ ደግሞ ሰዎች የሚመርጡትና የሚከፍሉት ዋጋ እኮ ነው።

ይህን በደንብ የገባው አንድ ሥራ ልጥቀስ። «ዘ ዋየር» እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2008 በኤችቢኦ ቴሌቪዥን በአምስት ምዕራፍና በ60 ክፍል የታየ የአሜሪካ ድራማ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ባልቲሞር ውስጥ ነው። ባልቲሞር ከዋሽንግተን በመኪና አንድ ሰዓት ያህል የምትርቅ የወደብ ከተማ ናት፤ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያሉ ወገኖቻችን ወደ ኒውዮርክ ሲጓዙ የሚያልፏት። የድራማው ፈጣሪ ዴቪድ ሳይመን «ባልቲሞር ሰን» ጋዜጣ ላይ የወንጀል ዘጋቢ ነበር። አብሮት የሠራው ኤድ በርንስ ደግሞ መጀመሪያ የከተማዋ ፖሊስ መርማሪ፣ ኋላም መምህር ነበር። ሁለቱም ከተማዋን ያወቋት በእግራቸው ዞረው ነው።

ድራማው ለእንግዳ አያስተረጉምም። ገጸ ባሕርያቱ «ሌክ ትራውት» ገዝተው ይበላሉ። ስሙን የሰማ የሐይቅ ዓሣ ይመስለዋል፤ የሚበላው ግን የባሕር ዓሣ ጥብስ ነው። የባልቲሞር ሰው ይህን ያውቃል፤ ሌላው ጠይቆ ይረዳ። ካሜራው ፊት ቆሞ የሚያብራራ ሰው የለም። እኛም «ሃያ ሁለት ውረድ» ስንባባል ቁጥር እየቆጠርን አይደለም፤ የሚገባው ይገባዋል።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ሕንፃዎቹ ሥራ የሚሠሩ መሆናቸው ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ የሚከፈተው ድሆች የሚኖሩባቸው የመንግሥት ፎቆች በፈንጂ ሲፈርሱ ነው። በድራማው ውስጥ የፎቆቹ ስም የፈጠራ ነው፤ ባልቲሞር ግን በ1990ዎቹ ሌክሲንግተን ቴራስና መርፊ ሆምስ የሚባሉ ፎቆቿን በእውን አፍርሳለች። ፎቆቹ ሲፈርሱ እዚያ ዕፅ ሲሸጥ የኖረው ቡድን ገበያውን ያጣል። ወደ ሌላ የመንገድ ጥግ ይሄዳል፤ ጥጉ ግን ባለቤት አለው። ከዚያ ደም ይፈሳል። የገበያው ቦታ ሲጠፋ ንግዱ አይጠፋም፤ ይሰደዳል። ክፍል ውስጥ በግራፍ የተማርነውን ነገር ድራማው በአንድ ፍርስራሽ አሳይቶ ጨረሰው። ለዚህ ታሪክ ከሰማይ የወረደ ክፉ ሰው አላስፈለገም፤ የፈረሰው ፎቅ በቂ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ ወደብ ላይ ነው። የወደብ ሠራተኞቹ ማኅበር መሪ የእህል መጫኛው ተመልሶ ሥራ እንዲጀምር ላይ ታች ይላል። ባለገንዘቦቹ ያንኑ ቦታ ለቅንጦት መኖሪያ ይፈልጉታል። በእውነተኛዋ ባልቲሞርም ሎከስት ፖይንት የሚባለው ሰፈር ውስጥ የነበረው ግዙፍ የእህል ጎተራ ዛሬ «ሳይሎ ፖይንት» የተባለ የቅንጦት አፓርታማ ሆኗል። ወደፊት አንድ ልጅ «አያቴ እዚህ ምን ይሠራ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያየው ነገር አለው።

ሰዎቹም ከከተማዋ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1999 ከንቲባ የነበሩት ከርት ሽሞክ የዕፅ ጉዳይ ከፖሊስ ይልቅ የጤና ጉዳይ ይሁን ብለው የተከራከሩ ሰው ነበሩ። ድራማው ይህንኑ ጉዳይ ሲያነሳ እሳቸውን የጤና ባለሥልጣን አድርጎ አሠራቸው። በዕፅ ንግድ የታወቀውና ለብዙ ዓመታት የታሰረው ሜልቪን ዊሊያምስ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ሆኖ ተውኗል። እሱን ሲከታተሉ ከነበሩት መርማሪዎች አንዱ ራሱ ኤድ በርንስ ነበር።

«የከተማዋን ስም አያጠፋም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ያኔም ተብሏል። የወቅቱ ከንቲባ ማርቲን ኦማሊ ድራማውን አልወደዱትም። ሆኖም ቀረጻው እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ድረስ እዚያው ባልቲሞር ቀጠለ። ዛሬ የከተማ ድህነትን የሚያጠኑ ዩኒቨርሲቲዎች ሳይቀሩ ያስተምሩበታል።

ወደ እኛ ልመለስ። የኛ ከተማ ከባልቲሞር የባሰ ምክንያት አላት። እኛ አድራሻ የምንናገረው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር አይደለም። «ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት፣ ወረድ ብሎ፣ ወፍጮ ቤቱን እንዳለፍክ» ነው የምንለው። ወፍጮ ቤቱ ከፈረሰ አድራሻው አብሮ ይፈርሳል። ስሞቻችንም ታሪክ ናቸው። ካዛንችስ የሚለው ስም ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች፣ ከ«ካዛ ኢንቺስ» የመጣ ነው። ስሙ ከሠሪዎቹ ዕድሜ በላይ ኖሮ የኛው ሆነ።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲገባ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። በ2017 መጀመሪያ ካዛንችስ ተከተለ። ልማቱ ያስፈልግ ነበር ወይስ አያስፈልግም የሚለው ክርክር የዛሬ ርእሴ አይደለም። የዛሬው ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ እነዚያን ሰፈሮች የሚያሳየን፣ ሰዎቻቸው እንዴት እንደሚያወሩ፣ እንዴት እንደሚከራከሩ፣ ማን ለማን ቡና እንደሚጠራ የሚያሳይ ስንት ሰዓት ድራማ አለን? ፎቶ አለ። ዜና አለ። ኑሮው ግን በፎቶ አይያዝም።

አሁን አንድ ታሪክ አስቡ። አንዲት እናት መሃል ከተማ ለዓመታት እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ደንበኞቿ በሩ ድረስ ይመጣሉ። ሰፈሩ ይፈርስና የከተማዋ ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ይደርሳታል። ቤቱ የተሻለ ነው፤ ውኃና መጸዳጃው ከበፊቱ አይገናኝም። ደንበኛ ግን የለም። ዕድሯ ተበትኗል። ልጇ ሥራ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ይይዛል። ሴትዮዋ ተጎዳች ወይስ ተጠቀመች? መልሱ ቀላል አይደለም፤ ድራማ የሚሆነውም ለዚህ ነው። እናንተ ራሳችሁ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት እንዲህ ያለ ሰው አታጡም። በቴሌቪዥን ግን የምናየው በዘበኛ የሚጠበቅ ቪላ ውስጥ በውርስ የሚጣላ ቤተሰብ ነው።

የፕሮዲውሰሮቹን ችግር አልክድም። አንድ ቪላ ተከራይቶ ብዙ ክፍል በተከታታይ መቅረጽ ርካሽ ነው። ውጭ ስትወጣ የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ሰው ይከብሃል፣ የመኪና ጥሩምባ ድምፁን ያበላሸዋል፣ ፀሐዩም አይጠብቅህም። ስም ስትጠራ ደግሞ «ሰፈራችንን የሌባ ሰፈር አደረጋችሁት» የሚል አይጠፋም። ያለንበት ጊዜም ቦታ መጥራት ራሱ ለሌላ ትርጉም የሚዳርግበት ነው። ይገባኛል።

ግን ሒሳቡን እንሥራ። የሰፈር ስም በንግግር ውስጥ ማስገባት ዋጋው ዜሮ ብር ነው። «ቢሮ ልሂድ» ከማለት «መገናኛ ሰልፉ ሳይረዝም ልውጣ» ማለት ምንም ተጨማሪ ወጪ የለውም፤ ገጸ ባሕርይው ግን ወዲያው ሥጋ ይለብሳል። ቦታ ለመቅረጽም ከተማ ሙሉ መዝጋት አያስፈልግም። «ምን ልታዘዝ» በአንድ ካፌ ውስጥ አገር አሳይቶን የለም እንዴ? ካፌው የሚሠራው ሥራ ነበረው፤ ዋናው እሱ ነው።

ገበያም አለ። ድራማዎቻችን ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ይጫናሉ፤ አሜሪካና አውሮፓ ያለው ሐበሻም እዚያ ይከታተላቸዋል። ለማስታወቂያ አስነጋሪ ደግሞ የውጭው ተመልካች ዋጋው ከአገር ቤቱ ይበልጣል። ያ ተመልካች የሚናፍቀው ምንድን ነው? ሶፋማ ቤቱም አለው። የሚናፍቀው ያደገበትን አስፋልት፣ የታክሲ ረዳቱን ጩኸት፣ የሰፈሩን ስም ነው። ናፍቆት ከፋይ ገበያ መሆኑን ከእኔ ይልቅ ዘፋኞቻችን ቀድመው አውቀውታል።

ከተማ አስተዳደሩም የሚጠቀምበት ነገር ነው። የቀረጻ ፈቃድ በአንድ መስኮት፣ በታወቀ ቀንና በታወቀ ክፍያ ቢያልቅ ብዙ ካሜራ ከቪላው ይወጣል። አዲሱን መንገድና አዲሱን መናፈሻ በማስታወቂያ ከማሳየት ሰው ሲኖርበት፣ ሲጣላበትና ሲታረቅበት ማሳየት ይበልጣል። የፈረሰውንም ይሁን የተሠራውን ሰው የሚያምነው ታሪክ ውስጥ ሲያየው ነው።

ቀጥሎ የትኛው ሰፈር እንደሚፈርስ ማንም አስቀድሞ አይነግረንም። ጸሐፊዎቻችን ግን የሚኖሩት እዚሁ ከተማ ነው፤ ጠዋት ታክሲ የሚጠብቁትም እዚሁ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ልጆቻችን የወላጆቻቸውን አዲስ አበባ ፍለጋ ዩቲዩብ ሲከፍቱ የሚያገኙት የሶፋ ክምችት ብቻ እንዳይሆን፣ በሚቀጥለው ክፍል አንዱ ገጸ ባሕርይ «ሰፈርህ የት ነው?» ሲባል ስሙን ጠርቶ ይመልስ።