ምራቴ ወረቀቷን የደበቀችው ከእኛ ነው!



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ቱቦ መደፈን፣ ስለ ቆሻሻ መድፊያና ስለ መዋጮ አከፋፈል ብዙ ጊዜ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ሌላ ዓይነት ቆሻሻ ነው፤ ይኸውም ከአፋችን ስለሚወጣው። ሌላውን ለመወንጀል ብቻ ብዬ እንዳልተነሣሁም ይታወቅልኝ። ከጥፋተኞቹ መካከል እኔው ራሴ አለሁበት።

ባለፈው ክረምት የልጄ ሚስት የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ዘጠነኛ ወሯ ገብቶ ነበር። ለክትትል ከምትሄድበት ክሊኒክ ጥጥ በተጠቀለለበት ቀጭን ስንጥር ናሙና ወሰዱላትና ከጥቂት ቀናት በኋላ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ሰጧት። ወረቀቷ ላይ ሁለት ሦስት የፈረንጅ ቃላትና በመጨረሻ «ፖዘቲቭ» የሚል አለበት። የሰጣት ባለሙያ «ስትወልጂ ይዘሽው ነይ» ከማለት በቀር አንድም ነገር አላስረዳትም። ልጅቱ ቤት ስትደርስ እኔ ቡና አፍልቼ ጎረቤት ሰብስቤ ነበር። አንዷ «እስቲ ምን አሉሽ?» ብላ ወረቀቱን ከእጇ ተቀበለችና ጮክ ብላ አነበበችው።

እኛ አገር «ፖዘቲቭ» ሲባል ሰው ምን እንደሚሰማ ለማንም መንገር አያስፈልግም። በረካው ሳይቀዳ ወሬው ከግቢያችን ወጥቶ ወፍጮ ቤት ደረሰ። ማታውን «ኤች.አይ.ቪ. አለባት» ተባለ። በማግሥቱ «የለም፣ ቂጥኝ ነው፤ ባሏ ነው ያመጣባት» ተባለ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ «ባሏ ምን አጠፋ፣ እሷው ናት እንጂ» ተባለ። እኔስ ምን አደረግኩ? ልጄን ለብቻው ጠርቼ «ምን አምጥተህባት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ባልና ሚስቱ ተኮራረፉ። ልጅቱ ወረቀቷን አጣጥፋ ፍራሽ ሥር ከተተቻት።

የእንሽርት ውሃዋ የፈሰሰው ረቡዕ ጠዋት ኖሯል። እንደገና የሰው አፍ ውስጥ መግባቱን ፈርታ ለማንም ሳትናገር ዋለች። ማታ ምጡ ሲጀምራት እኔ አማት ነኝና የማውቅ መስሎኝ፣ «የመጀመሪያ ልጅ ምጥ ረጅም ነው፤ ምን ያጣድፍሻል፣ ቤትሽ ሆነሽ ግፊው» አልኳት። ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ሆስፒታል ስንደርስ ለመውለድ ግማሽ ሰዓት አልቀራትም። ልጁ ተወለደ፣ አለቀሰ፣ እኛም እልል አልን። ከሰዓት በኋላ ግን ሲተነፍስ ያቃስት ጀመር። ጡት እምቢ አለ። እጅ እግሩ ዛለ። ወዲያው ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ወሰዱትና አሥር ቀን ከኦክሲጅንና ከመርፌ ጋር ቆየ። ዛሬ ተመስገን፣ ደኅና ነው።

ታዲያ ሐኪሟ «በእርግዝናዋ ጊዜ ምንም የምርመራ ውጤት አልነበራትም?» ብላ ስትጠይቀን ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ያን ጊዜ ገባኝ። ወረቀቷን የደበቀችው ከሐኪም አልነበረም። ከእኛ ነው!

ለመሆኑ ይህን ሁሉ አሉባልታ ያስነሣው ነገር ምንድን ነው? ስሙ ግሩፕ ቢ ስትሬፕቶኮከስ ይባላል፤ ሐኪሞች ሲያሳጥሩት ጂ.ቢ.ኤስ. ይሉታል። ባክቴሪያ ነው። በጤነኛ ሰው አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ በሴቶችም ከፊንጢጣ ወደ ብልት አካባቢ ይዘልቃል። ወንዱም ሴቷም ይሸከሙታል። አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። ኤች.አይ.ቪ. አይደለም። ቂጥኝ አይደለም። ከአባላዘር በሽታዎች ጋር አይቆጠርም። የንጽሕና ጉድለት ምልክትም አይደለም። እናቲቱን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ስለማያደርጋት ካልተመረመረች አለብኝ ብላ አታውቅም። በዓለም ላይ ከአምስት ወይም ከስድስት እርጉዞች አንዷ ትይዘዋለች። በአገራችንም በሐዋሳና በጅማ የተደረጉ ጥናቶች ከአምስት አንዷ ገደማ እንደምትይዘው አሳይተዋል። እንግዲህ ያን ዕለት ቡና ላይ የነበርነው ሴቶች ሁላችን ብንመረመር ከመካከላችን «ፖዘቲቭ» የምትባል ሳትገኝ አትቀርም ነበር። ምናልባትም ያችው ጮክ ብላ ያነበበችው!

አደጋው ለሕፃኑ ነው። የእንሽርት ውሃው ሲፈስ ወይም ልጁ ሲወለድ ባክቴሪያው ወደ እሱ ሊተላለፍ ይችላል። እናቲቱ መድኃኒት ካላገኘች፣ ባክቴሪያው ካለባቸው እናቶች ከሚወለዱ መቶ ሕፃናት ውስጥ አንድ ወይም ሁለቱ በጽኑ ይታመማሉ። ሕመሙ ደማቸውን ይመርዛል፣ ሳንባቸውን ይይዛል፣ አንዳንዴም የአንጎላቸውን ሽፋን ያቆስላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከአንድ የለንደን የሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ ይህ ባክቴሪያ በዓመት ወደ 91,000 የሚጠጉ ሕፃናትን ይገድላል፤ ከእነዚህ ሌላ 46,000 ያህል ሕፃናት ሞተው እንዲወለዱ ምክንያት ይሆናል።

መከላከያውስ? የሚያስቆጨው እዚህ ላይ ነው። ፔኒሲሊን ነው! አሮጌው፣ ርካሹ፣ ሁላችንም የምናውቀው ፔኒሲሊን። እሱ ከሌለ አምፒሲሊን። ምጥ ሲጀምር ወይም ውሃው ሲፈስ በደም ሥር ይጀመርና እስክትወልድ በየአራት ሰዓቱ ይደገማል። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ፣ ቺካጎ ላይ የተደረገ ጥናት በምጥ ጊዜ የሚሰጥ አምፒሲሊን ሕፃናቱን እንደሚጠብቅ አሳየ። በ1996 መመሪያ ወጣ። በ2002 ደግሞ እርጉዞች ሁሉ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እንዲመረመሩ ተወሰነ። በዚያ አገር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ10,000 ሕፃናት 17 ያህሉ በመጀመሪያው ሳምንታቸው በዚህ ይታመሙ ነበር። በ2015 ቁጥሩ ወደ 2 እና 3 ወርዷል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ወደ ሰፈራችን «ሐኪሞች» ልመለስ። በየበሩ የሚሰጡትን ምክር አንድ ባንድ እንየው።

1ኛ/ «እኛ ሰባትና ስምንት ስንወልድ ማን መረመረን?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ማንም አልመረመረንም። ብዙዎቹም ልጆቻችን ደኅና አደጉ፤ ምክንያቱም ባክቴሪያው ካለባቸው እናቶች ልጆች እንኳ አብዛኞቹ ያመልጣሉ። ያላመለጡትንስ ማን ቆጠራቸው? በየቤታችን ስም ሳይወጣለት የተቀበረ ሕፃን የለም ወይ? «ምች መታው»፣ «ዓይን በላው» ብለን አልሸኘናቸውም ወይ? እኔ ሁለተኛ ልጄን በተወለደ በማግሥቱ አጥቻለሁ። እሱም ያቃስት ነበር፤ እሱም ጡት እምቢ ብሎ ነበር። የገደለው ይኸው ባክቴሪያ ነው አልልም፤ ያየው ሐኪም የለም። ነገር ግን የልጅ ልጄ ሲያቃስት ስሰማ ያንን ድምፅ አወቅኩት። ስለዚህ ባለመመርመራችን ባንኩራራ ደግ ነው።

2ኛ/ «ነጭ ሽንኩርት ትዋጥ፣ ፌጦ ትጠጣ፤ ያለዚያም ከመድኃኒት ቤት ኪኒን ገዝታ አሁኑኑ ትጨርሰው» የሚሉ አሉ። ሽንኩርቱም ፌጦውም ባክቴሪያውን ከዚያ አያስወጡትም። ኪኒኑም ቢሆን ከምጥ በፊት ቢዋጥ ጥቅም የለውም፤ ባክቴሪያው ለጊዜው ቢቀንስ እስክትወልድ ተመልሶ ይመጣል። የተለየው ነገር ባክቴሪያው በሽንት ውስጥ ከተገኘ ነው። ያን ጊዜ ሐኪም አይቶ ኪኒን ሊያዝላት ይችላል፤ በምጥም ጊዜ መርፌው አይቀርላትም።

3ኛ/ «ምጥሽን ቤትሽ ግፊው» የምንል አማቶችና እናቶች አለን። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። መድኃኒቱ ሕፃኑን በደንብ እንዲጠብቅ ቢያንስ ከመውለዷ አራት ሰዓት ቀደም ብሎ ቢጀመር ይመረጣል። እኔ ከልጅ ልጄ የሰረቅኩት እነዚህን አራት ሰዓቶች ነው። ውሃዋ ከፈሰሰ ደግሞ ምጥ ይምጣ አይምጣ ቤት የምትቆይበት ምክንያት የለም።

4ኛ/ «እንግዲያውስ ሆዷ ተቀዶ ትውለድ፤ ጡትም አታጥባ፤ ባሏም ይታከም» የሚሉም አልጠፉም። ሦስቱም ስሕተት ነው። ለዚህ ተብሎ ኦፕሬሽን አይደረግም። ጡት ማጥባት አይከለከልም፤ ታጥባ! ባልም ለዚህ ተብሎ መርፌ አይወጋም። ባልየው የሚፈለግበት መርፌ ሳይሆን ሚስቱን አምኖ በጊዜ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በእኛ ላይ ብቻ ግን አልጭንም። ወረቀት ሰጥቶ ዝም የሚል ባለሙያም ሊወቀስ ይገባዋል። ወረቀት መስጠት ብቻውን ሕክምና አይደለም። «ይህ ኤች.አይ.ቪ. አይደለም፤ ከባልሽም ጋር አያጣላሽ፤ አንቺ ደኅና ነሽ፤ ምጥሽ ሲጀምር ወይም ውሃሽ ሲፈስ ቶሎ ነይና መርፌ እንሰጥሻለን፤ ፔኒሲሊን የማይስማማሽ ከሆነ አሁኑኑ ንገሪን» ለማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እነዚያ ሁለት ደቂቃዎች በመጉደላቸው ልጄና ምራቴ ሦስት ሳምንት ሳይነጋገሩ ከረሙ፤ ሕፃኑም አሥር ቀን በመርፌ ተወጋ።

«ምርመራው እኮ በየጤና ጣቢያው የለም» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው። በአገራችን ይህ ምርመራ ለሁሉም እርጉዝ የሚሠራ አይደለም። ባይሠራም ግን ማንም የሚያየው የአደጋ ምልክት አለ። እርጉዟ 37 ሳምንት ሳይሞላት ምጥ ከመጣባት፣ የእንሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ 18 ሰዓት ከሞላው፣ በምጥ ላይ እያለች ትኩሳቷ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ከዚህ በፊት የወለደችው ልጅ በዚሁ ባክቴሪያ ታሞባት ከነበረ፣ ይህን ለአዋላጇ ወዲያው መንገር ያስፈልጋል። ውሃው የፈሰሰበትን ሰዓት መያዝ የላቦራቶሪ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው አንድ ሰዓትና እርጉዟ ሳትፈራ የምትነግረው አንድ ሰው ነው። ምራቴ ሰዓት ነበራት። ሰው አልነበራትም።

ከወለደችም በኋላ ሕፃኑ ሲተነፍስ ካቃሰተ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ከዛለ፣ ከተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ቆዳው ከገረጣ ወይም ከጠቆረ፣ «ምች ነው» ብላችሁ ቅጠል አትቀንጥሱ። ሌሊትም ቢሆን ሩጡ! ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ይታያል። ነገር ግን እስከ ሦስት ወር ዘግይቶ የሚመጣም አለ፤ እሱን ደግሞ በምጥ ጊዜ የተሰጠው መርፌ አያስቀረውም። ስለዚህ አራስ ቤት ስትገቡ እጃችሁን ታጠቡ። ሕፃኑንም ስትስሙት አተነፋፈሱን አድምጡ።

ወገኖቼ፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ያን ዕለት ከቤቴ የወጣውን ቃል መልሼ ልሰበስበው አልችልም። ምራቴን ግን በባሏ ፊት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ማኅበራችንም ሁለት ነገር እንዲያደርግ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ አንዲት አዋላጅ ነርስ ተጋብዛ ለባሎችም ለአማቶችም ጭምር ይህን ታስረዳን። ሁለተኛ፣ መኪና ያላችሁ ነዋሪዎች ምጥ የያዛትን ሴት ሌሊት ለማድረስ በተራ ተመዝገቡ።

የቀረው የየራሳችን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አንዲት እርጉዝ «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ይዛ ስትገባ «ማን አስያዘሽ?» አትበሏት። «ውሃሽ ሲፈስ ሰዓቱን ያዢ፣ እኔን ቀስቅሺኝ» በሏት። ቡናውም በሰላም ይጠጣል፤ ልጁም በሰላም ያድጋል።

አሉባልታ ይብቃ!

ከሰፈራችን እናቶች አንዷ