ቀኑን የሳተ ምስክር

በኮምፒዩተር ክፍላችን ጧት ጧት የሚፈጸም አንድ ልማድ አለ። ተማሪው ማሽኑን ይከፍታል፤ በግርጌው ያለውን ቀን ያያል፤ በአውሮፓ አቈጣጠር «ጃንዩወሪ 1 ቀን 2009» የሚል ያገኛል፤ ይኸውም በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 2001 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ይሥቃል፤ በእጁ ያስተካክላል፤ ወደ ሥራውም ይገባል። በማግስቱ የሚመጣውም እንዲሁ ያደርጋል። በዚህ ዐይነት ስንሥቅና ስናስተካክል መንፈቅ ዓመት አለፈ። ባለፈው ወር ግን ነገሩ ከሣቅ አለፈ።

አንድ ጓደኛችን የመመረቂያ ጽሑፉን አንድ ምዕራፍ በተወሰነለት ቀን አስረከበ። መምህሩ ፋይሉን ሲመረምሩ የተጻፈበት ቀን ከዐሥር ዓመት በላይ ወደ ኋላ የተመለሰ ሆኖ አገኙት፤ ከሌላ ሰው አሮጌ ሥራ የተገለበጠ ነው ብለውም ጠረጠሩ። ልጁ ንጽሕናውን ለማስረዳት ሁለት ሳምንት ደጅ ጠና። በመጨረሻ ያዳነው ረቂቁን አስቀድሞ በደብተር የመጻፍ ልማዱ ነው። ደብተር ያልያዘው ተማሪ ቢሆንስ ኖሮ ምን ይውጠው ነበር? በመምህሩ አንፈርድም፤ ያዩትን ጠየቁ። እኛ ግን ማሽኑ እንደሚዋሽ እያወቅን ዝም ብለናልና ከጥፋቱ ድርሻ አለን።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ሥሩን እንመልከት። በኮምፒዩተሩ ማዘርቦርድ ላይ፣ ማሽኑ ሲጠፋም ጊዜ የምትቈጥር አንዲት ትንሽ የሰዓት ዑደት አለች። የምትመራው በሰከንድ 32,768 ጊዜ በሚርገበገብ የኳርትዝ ክሪስታል ነው፤ ይህን ቍጥር 15 ጊዜ ለሁለት ሲከፍሉት ልክ አንድ ይሆናልና ሰከንዱ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። ማሽኑ ሶኬት ላይ ሳለ ዑደቷ ኀይሏን ከመብራት ታገኛለች። መብራት ሲጠፋ ወይም ማታ ዋናው ማብሪያ ሲዘጋ ግን የምትኖረው ሳንቲም በምታህል ባለ 3 ቮልት የሊትየም ባትሪ ነው። ይህችም ብዙውን ጊዜ ሲ አር 2032 የምትባለው ናት፤ ቍጥሩ ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያመለክታል። ለዓመታት ታገለግላለች፤ ባለቀች ጊዜ ግን ማሽኑ ፋብሪካው ወደ ሰጠው የመነሻ ቀን ይመለሳል።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1981 የወጣው የአይ ቢ ኤም የግል ኮምፒዩተር እንዲህ ያለ ባትሪ ስላልነበረው፣ በተከፈተ ቍጥር ቀንና ሰዓት ይጠይቅ ነበር። በ1984 የወጣው ኤ ቲ የተባለው ግን በባትሪ የሚኖር ሰዓት ይዞ መጣ። እንግዲህ ቀኑን በየጧቱ በእጃችን የምንሞላ እኛ ከ40 ዓመት በፊት ወደ ቀረው ሥርዓት ተመልሰናል ማለት ነው።

በእጅ መሙላቱም ሌላ ስሕተት ይወልዳል። የእኛ የጧት 3 ሰዓት በማሽኑ 9 ሰዓት ነው፤ ዓመቱም በሰባት ወይም በስምንት ይለያያል። የቸኰለ ተማሪ ያገሩን ሰዓት ሞልቶ ይሄዳል፤ ከእርሱ በኋላ የመጣውም በዚያው ይሠራል። ቀኑን የሳተ ማሽን ደግሞ የድረ ገጾችን የደኅንነት ማረጋገጫ «ጊዜው ገና ነው» ብሎ ስለሚመልስ፣ መሥመር ጠፋ ብለን የምናማርረው አንዳንድ ጊዜ በከንቱ ነው።

ይሁንና ሁሉን በባትሪ ማሳበብ አይገባም። ቀኑ ልክ ሆኖ ሰዓቱ በትክክል በ3 የሚሳሳት ከሆነ፣ ምክንያቱ በአንድ ማሽን ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው መጫናቸው ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ያገሩን ሰዓት፣ ሌላው ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ የሚለየውን የዓለም ሰዓት በዑደቷ ላይ ይጽፋሉና። በቀን የአንድ ሁለት ሰከንድ መዛነፍ ደግሞ የክሪስታሉ ጠባይ ነው፤ ይህን ሰዓትን ከኢንተርኔት መቀበል ያቃናዋል። ሌሊት ተነቅሎ ያደረ ማሽን በየጧቱ ወደ አሮጌ ዓመት ከተመለሰ ግን በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው።

መድኀኒቱ ከባድ አይደለም። በባዮስ ገጽ ያለውን አቀማመጥ በወረቀት መመዝገብ፤ ማሽኑን አጥፍቶ ከሶኬት መንቀል፤ ሽፋኑን በካቻቢቴ ፈትቶ፣ የሰውነትን ኤሌክትሪክ ለማውረድ የማሽኑን ባዶ ብረት መንካት፤ አሮጌዋን አውጥቶ አዲሲቱን የመደመር ምልክቷን በአሮጌዋ አቅጣጫ አድርጎ ማስገባት፤ ከዚያም ቀኑን ሞልቶ፣ ማሽኑን ነቅሎ አንድ ሌሊት ማሳደርና መፈተን። ይህ ሁሉ ተደርጎ ቀኑ ዳግመኛ ከጠፋ ብልሽቱ ሌላ ነውና ለባለሙያ መስጠት ነው። የባትሪዋ ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እስካሁን የጠፋው ገንዘብ ሳይሆን «ይህ የእኔ ሥራ ነው» የሚል ሰው ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። የክፍሉ ኀላፊዎች ባትሪዎቹን ከመጪው ፈተና በፊት አስለውጠው፣ የተለወጡበትን ቀን በየማሽኑ ላይ ይለጥፉ። መምህሮቻችን የፋይልን ቀን ብቻውን ምስክር አድርገው በተማሪ ላይ አይፍረዱ፤ ረቂቁንና ተማሪውን ራሱን ይጠይቁ። እኛም ተማሪዎች ቀኑን የሳተ ማሽን ስናገኝ አስተካክለን ዝም አንበል፤ ቍጥሩን ለክፍሉ ጠባቂ እናስመዝግብ። ጓደኛችንን ደብተሩ አዳነው፤ የሚቀጥለውን ተማሪ የሚያድነው ግን የዛሬው ትጋታችን ነው።