የበቅሎው ዋጋ ተመርምሯል፤ የቁስቋም ዘውድስ?

መቅደላ ሲነሳ ሁላችንም ወደ ሽጉጡ እንሮጣለን። አፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሠዉ፤ እንግሊዝም እስረኞቿን ይዛ ወጣች። ታሪኩን እዚህ ላይ እንዘጋዋለን። ለንደን ውስጥ ግን ጠቡ ገና መጀመሩ ነበር። የተጣሉት በደም ሳይሆን በሒሳብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጄኔራል ናፒየር ጦር በአብዛኛው የተነሳው ከቦምቤይ ነበር። ወደ 13 ሺህ ወታደር፣ ከዚያ የሚበልጥ ጓዝ ተሸካሚና አገልጋይ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የጭነት ከብት፣ 44 ዝሆን ሳይቀር ዙላ ላይ ወረደ። የ1858ቱ (እ.ኤ.አ.) የሕንድ አስተዳደር ሕግ ደግሞ የሕንድ ግብር ያለ ፓርላማው ፈቃድ ከድንበር ውጭ ለሚደረግ ዘመቻ እንዳይወጣ ይከለክላል። ታዲያ ማን ይክፈል? ኅዳር 1867 (እ.ኤ.አ.) ፓርላማው ወሰነ፦ የሕንድ ጦር መደበኛ ደመወዝ ከሕንድ ካዝና ይቀጥል፣ ተጨማሪውን ወጪ እንግሊዝ ትሸፍን። የሕንድ ገበሬ ከመቅደላ ምን ጉዳይ ነበረው? ማንም አልጠየቀውም። በራሱ በፓርላማው ግን ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው ብለው የተቃወሙ ነበሩ።

በዚያን ጊዜ የተጠየቀው ገንዘብ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። መጨረሻ ላይ ወደ 9 ሚሊዮን ተጠጋ። የገቢ ግብሩ ከእያንዳንዱ ፓውንድ ከ4 ፔኒ ወደ 5፣ ከዚያም ወደ 6 ከፍ አለ። ግብር ከፋዩ ሲጮህ ፓርላማው በ1869 (እ.ኤ.አ.) አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። የበቅሎ ግዢ፣ የመርከብ ኪራይ፣ የቦምቤይ መንግሥት ያወጣው ወጪ ሁሉ ተመረመረ፤ ምስክር ተጠራ፣ ቃሉም ታትሞ ተቀመጠ። የሕንድ ቅሬታም አልሞተም። ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1895 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የዌልቢ ኮሚሽን የሕንድን ወጪ ሲመረምር፣ ዳዳባይ ናኦሮጂ የኮሚሽኑ አባል ሆኖ ተቀምጦ ሕንድ ያላገባትን ጦርነት ለምን ትከፍላለች እያለ ሞገተ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ለበቅሎ ኮሚቴ አለ። ለመርከብ ኮሚቴ አለ። ለወታደር ደመወዝ ሕግና ኮሚሽን አለ። ለጎንደር ግን አንድ መስመር የለም።

«መቅደላ ወሎ፣ ጎንደር ምን አገባት?» የሚል ይኖራል። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉና ሲያስዘርፉ የአብያተ ክርስቲያናቷን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት አስወሰዱ፤ በኋላም ብዙው መቅደላ መድኃኔዓለም ገባ። ናፒየር መቅደላን ሲይዝ የያዘው የጎንደርን ዕቃ ቤት ነው። የተዘረፈው ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ፤ ገቢው ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው የሆነው ሪቻርድ ሆምስ እዚያው ቆሞ ይገዛ ነበር። ዛሬ ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። በቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም የተቀመጠው የወርቅ ዘውድ፣ ሙዚየሙ ራሱ እንደሚለው፣ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው አፄ ኢያሱ ለጎንደሯ ቁስቋም እንደሰጡት ይታመናል። ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን እንኳ በ1871 (እ.ኤ.አ.) ፓርላማ ውስጥ ዘውዱና ጽዋው መምጣታቸው እንዳሳዘናቸው ተናግረዋል። ኀዘን ግን ሒሳብ አይዘጋም።

አሁን የሚቀርብልን መፍትሔ ምንድን ነው? «በረጅም ጊዜ ውሰት እንስጣችሁ» ይሉናል። በ2010 ዓ.ም. የሙዚየሙ ኃላፊ ያነሱት ሐሳብ ይኸው ነበር። ወገኖቼ፣ ውሰት ማለት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ድስት የተዋሰ ሰው ድስቱን ይመልሳል። የገዛ ዘውዳችንን ተውሰን ከፈረምን፣ ባለቤቱ ባለዕዳ፣ ቀማኛው ባለንብረት ሆኖ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ይህን የፈረመ ባለሥልጣን ናፒየር ያልቻለውን ይጨርስለታል።

ሁለት መልስ ሁልጊዜ ይሰጡናል። አንደኛው፦ «መጀመሪያ የዘረፋችሁት እናንተው ናችሁ።» እውነት ነው፣ ጎንደርን ያቃጠላት የውጭ ጠላት አልነበረም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልገንም። ነገር ግን ወንድሜ የአባቴን በሬ ቢነዳ፣ መንገድ ላይ የቀማው መንገደኛ ባለበሬ አይሆንም። ሁለተኛው፦ «አገራችሁ ሰላም አይደለም፣ ይጠፋል።» ሰላም አለመሆናችንን እኛ አላጣነውም፤ ጎንደር ያለ ሰው የተኩሱን ድምፅ ከእነሱ በላይ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ የት ይቀመጥ የሚለውና የማን ነው የሚለው ሁለት ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የባለቤትነቱ ወረቀት ይፈረም፤ ጥበቃውን ከዚያ እንነጋገራለን። የራሳችንን ንብረት በአደራ ልናስቀምጥ እንችላለን፤ በውሰት ግን አንቀበልም።

በትሩ ለእኛም ይድረስ። በየዓመቱ ሚያዝያ ሲመጣ መይሳው ካሳን እንፎክራለን፣ ፎቶ እንለጥፋለን፣ ግንቦት ሲገባ እንረሳለን። እንግሊዝ እያንዳንዷን ሽልንግ ጽፋ ተከራከረች፤ እኛ የጎንደር አርባ አራቱ ታቦት እያንዳንዱ ምን እንደጎደለው የሚያሳይ ዝርዝር ይዘን መቅረብ አለብን። መረጃው አለ። ብዙው ብራና በኅዳጉ ላይ ማን እንዳጻፈው፣ ለየትኛው ደብር እንደተሰጠ ይናገራል። የጎንደር ሀገረ ስብከት ሊቃውንቱን፣ ዩኒቨርሲቲው የታሪክና የግዕዝ መምህራኑን ያስቀምጥ፤ ደብር በደብር፣ መጽሐፍ በመጽሐፍ ይመዝገብ።

ዝርዝር ይዞ የጠየቀ እንደሚሰማ ታሪክ ያሳያል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥትን በስሙ ጠርተው ጠየቁ፤ በ1872 (እ.ኤ.አ.) ተመለሰላቸው። «የተዘረፈው ሁሉ ይመለስ» የሚለውን ጩኸት ሙዚየም ጆሮ ዳባ ልበስ ሊለው ይችላል። «የቁስቋም ዘውድ፣ የዚህ ደብር ወንጌል፣ የዚያ ደብር ድርሳን» የሚለውን ግን መልስ ሳይሰጥ ማለፍ ይከብደዋል።

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል የአገራችን ሰው። እኔ ደግሞ ካልቆጠሩም ይቀራል እላለሁ። የመቅደላ ሒሳብ በእነሱ በኩል ከተዘጋ 150 ዓመት አልፎታል። በእኛ በኩል ገና መዝገቡ አልተከፈተም።