«አፉን ሲፈታ አምጪው»

እንዲህ የተባለችው እህቴ ናት። ሆለታ ውስጥ፣ አንድ ትምህርት ቤት ቢሮ ደጃፍ ላይ፣ ልጇን እጁን ይዛ ቆማ። ልጁ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት፤ አይናገርም። አፉን ባይፈታስ? ዕድሜ ልኩን ፊደል ሳይቆጥር ይቅር?

ንዴቴ በአንድ ርዕሰ መምህር ላይ ብቻ አይደለም። እኛ አገር ማንበብ ማለት መጮህ ነው። ከቄስ ትምህርት ቤት ጀምሮ «ሀ ሁ ሂ» እያልን በኅብረት አዚመናል፤ ድምፁ ያልተሰማ አላነበበም። ንባብን በጉሮሮ እየለካን፣ ጉሮሮው እምቢ ያለውን ልጅ «አይችልም» ብለን እንፈርድበታለን። በምን ጠይቀነው?

ሰበታ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ናት። የሰበታ መርሐ ዕውራን ዓይነ ስውሩን ልጅ «መጀመሪያ እይና ና» አላለውም፤ በብሬል ፊደሉን ጣቱ ላይ አወረደለት። የማይናገረው ልጅ ዘንድ ስንደርስ ያ ብልሃት የት ገባ?

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አንቀበልም ሲሏቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በራሳችን ፊደል ላይ የቆመ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የሚባል ዘዴም አበጁ። እ.ኤ.አ. በ2021 አረፉ። አንዲት እናት ይህን ያህል ከሠራች መንግሥት ምን ይሠራል? የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቋል። አንቀጽ 24 ማንም በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት አይገለል ይላል፤ «የሚናገር ከሆነ» የሚል ቅጥያ የለውም።

«ፀበል ውሰጂው» የሚሏትም አሉ። ይጠመቅ፤ ሰኞ ጠዋት ግን ክፍል ይግባ።

እቤት ካርቶን ቆርጠን «ላም»፣ «ላባ»፣ «ቤት» ብለን ጻፍን። ቃሉን ስንጠራ ካርዱን በጣቱ ይነካል። ሽምደዳ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ እኔም ጠርጥሬ ነበር። ስለዚህ ካርዶቹን ካወቃቸው በኋላ ፊደሎቹን ለያይተን፣ አንድም ቀን ያላሳየነውን «ላት» ጽፈን ፊቱ አስቀመጥን፤ ማናችንም አላነበብንለትም። አጠገቡ የላም፣ የላባና የበግ ላት ሥዕል አለ። ሦስቱም በ«ላ» ስለሚጀምሩ መጨረሻዋን ፊደል ካላየ ሊለያቸው አይችልም። ቆየ፣ ቆየ፣ የበጉን ላት ነካ። በነጋታው ሥዕሎቹን አቀያየርን፤ አሁንም ላቱን። እጁን የያዘው ሰው አልነበረም። (ክንድ ደግፎ እያስጠቆመ «ልጁ ነው ያለው» የሚል ዘዴ በውጭ አገር ተፈትኖ ወድቋል፤ መልሱ የደጋፊው ሆኖ ተገኝቷል።)

የሆለታ ትምህርት ቤቶች በቁቤ ቢያስተምሩም ነገሩ ያው ነው፤ ፊደሉ ይለወጣል እንጂ ጣቱ አይለወጥም። የሚያስፈልገው የሚታገሥ መምህር፣ ካርቶንና ማርከር ነው። መምህር አልሠለጠነልንም ለሚል ባለሥልጣን ጥፋቱ የማን እንደሆነ እነግረዋለሁ። ካርቶን አጣን የሚል ካለ ደግሞ ይምጣ፣ እኔ እሰጠዋለሁ።